ለሞሲ የማይሠራ ክኒን

መጋቢት 25፣ ሐሙስ። ኦሮዳራ።

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስ። ለእናቴ ለኩዲፖኮ፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ ከሁሉ በፊት ስለ እኔ «ታምፑሬን የት አመመው?» ብላ ለምትጠይቀው፤ ለአጎቴ ለኩልጋ፣ የግቢያችን ራስ ለሆነው፤ ለታላቅ ወንድሜ ለሶምዳ፣ ከነጥጋቡ፤ ለእኅቴ ለራስማታ ከነልጆቿ፣ ለትንሹም ጥርሱ ለሚወጣው፤ ለአክስቴ ለያሜጎ፣ የግራ ጉልበቷ እንዴት ዋለ? ለሽማግሌው ለራዎጎ፣ አማቴ ለመሆን ገና ላልፈቀደው፤ ለልጁ ለቲፖኮ፣ ስሟን ከአባቷ ስም በኋላ በትሕትና ላስቀመጥሁት። እኔ ደኅና ነኝ ማለት ይቻላል።

ይህ ደብተር ወደ ማንም አይላክም። ነገር ግን አራት ዓመት በተማርሁበት ትምህርት ቤት መምህራችን «ያለ ሰላምታ የሚጀምር ጽሑፍ ሳያንኳኳ እንደሚገባ እንግዳ ነው» ይሉን ነበርና፣ ለራሴ ስጽፍ እንኳ እጄ በሌላ መንገድ መጀመርን እምቢ አለችኝ።

የማንጎው ወራት ተከፍቷል። ሁላችንም ታንቲ የምንላት ኮሮቱሙ በማድረቂያ ቤቷ ሴቶቹን ማንጎ እንዲከትፉ፣ እኔንና ኖአጋን ደግሞ ለወንፊቱ ቀጥራለች። ሴቶቹ የተከተፈውን ማንጎ በሰፋፊ ወንፊቶች ላይ ይደረድራሉ፤ እኛ ወንፊቶቹን እየደራረብን ወደ ምድጃው እናስገባለን፤ ሲደርቅም እናወጣለን። ኖአጋ እንደኔው በሰሜን ካለው ከያቴንጋ የመጣ የሞሲ ጎሣ ሰው ነው፤ ከዚህ በቀር በምንም አንመሳሰልም። ሲሠራ ይዘፍናል፣ ሲበላ ይዘፍናል፣ ተኝቶም ከማንኮራፋቱ መካከል ዜማ አይጠፋም።

ዝናቡ ያቴንጋ ሲደርስ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። የራዎጎን የማሽላ ማሳ ከወንዶች ልጆቹ ጋር ተሰልፌ፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ መንደሩ እያየ በዶማ እኮተኩታለሁ። ከወንድሞቿ ወደ ኋላ የቀረ እጮኛ ልጅቱን አያገኝም፤ ደንቡ ይኸው ነው። ቲፖኮም ውኃ ይዛ በማሳው ጫፍ ትቆማለች። ሌላ የማስበው ነገር የለኝም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ቀኝ ትከሻዬ። የወንፊቱ ቁልል ሊናድ ሲል በአንድ እጄ ደገፍሁት። ቀጭ አለ። ኖአጋ ምንም አልሰማሁም ይላል። እኔ ሰምቻለሁ። ምድጃው እየጠበቀ ነው፣ ታንቲ ትጣራለች።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

እጄን ከጆሮዬ በላይ ማንሣት አልችልም። ዶማ ደግሞ የሚነሣው ከጆሮ በላይ ነው።

ከእኔ በፊት እናቴ ሦስት ልጆች ቀብራለች። እኔ ስወለድ ሞት እንዳይመኘኝ ታምፑሬ፣ የቆሻሻ ክምር፣ ብለው ሰየሙኝ፤ ቆሻሻን ማን ይሰርቃል? ዘዴው ሠርቷል፤ ይኸው አለሁ። እናቴ ግን ሞትን ያታለለችበትን ስም ራሷ አላመነችውም። በየማለዳው ግንባሬን፣ ሆዴን፣ ጉልበቴን እየዳሰሰች «የት አመመህ?» ትለኛለች። ምንም ያላመመኝ ቀን እንኳ እንዳላሳፍራት ስል አንድ ቦታ ፈልጌ እጠቁማት ነበር። ይህን የምጽፈው ልማዱ ለቆኛል ለማለት ነው። ትከሻዬ በእርግጥ አሞኛል።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ከኖአጋ ጋር ወደ ጤና ኬላው ሄድን። እሱ ጀርባዬን ይላል።

ሐኪሙ ቶዬ ይባላል። ስሙን ስሰማ ከሳን ጎሣ መሆኑን አወቅሁ፤ እሱም ያቴንጋ የሚለውን ቃል ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሞሲ ነህ?»

«ነኝ።»

«ኧረ በሩን ዝጉልኝ! የጠፋው ሎሌዬ በገዛ እግሩ መጣ!»

ወረፋ የያዘው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። በሞሲና በሳን መካከል ያለው የቀልድ ዝምድና ከአያቶች የወረደ ነው፤ መሰዳደብ መብት፣ መቆጣት ነውር ነው። እነሱ ሎሌ ይሉናል፣ እኛም ውሻ በሊታ እንላቸዋለን። ኖአጋ ወዲያው፣ «ጌታዬ፣ የትናንቱ የውሻ ራስ ጥርስህ ውስጥ ቀርቷል፤ መጀመሪያ አፍህን ተጉመጥመጥ» አለው።

«የቀረውስ ለአንተ ነው። አጥንቱን አስቀምጬልሃለሁ።»

«አጥንቱን ለሚስትህ ስጣት፤ ባሏ አጥንት ብቻ ሆኖባት የሥጋ አምሮት ገድሏታል!»

እንዲህ እየተባባሉ መረመረን። ለኖአጋ በወረቀት የተጠቀለሉ ትልልቅ ቀይ ክኒኖች ሰጠው። ለእኔ የሰጠኝ ነጭና ከምስር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ትከሻዬን እያገላበጠ፣ «አጥንትህ ደኅና ነው፤ ጅማትህ ተቆጥቷል። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ በልተህ ዋጥ። በባዶ ሆድ ከሆነ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ለወረፋው ከፍ አድርጎ፣ «ደግሞ ቀድሜ ልንገርህ፤ ፋብሪካው ይህን የሠራው ለሰው ልጅ ነው። ለሞሲ ይሠራ እንደሆነ እስካሁን የሞከረው የለም!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ከሁሉም ሳቅ ረዝሟል፤ ስለዚህ ነገሩ እንዳልከነከነኝ ለማንም ግልጽ ነው።

ኖአጋ ክኒኑን ገና ሳይውጠው፣ በኪሱ እንደያዘው፣ በመንገድ ላይ ጎንበስ ቀና እያለ «ለቀቀኝ እኮ! ይሄ ሳን እጁ መድኃኒት ነው» አለ። ምን ይባላል?

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ጠዋት ዋጥሁ። ማታ ዋጥሁ። ምንም። ምግብ በልቼ ነው የዋጥሁት፣ ያም ሆኖ አቅለሸለሸኝ። አፌ ደረቀ። እግሬም ደነዘዘኝ፤ ስለ እግር ቶዬ ያለው ነገር የለም። ምናልባት ረስቶት ይሆናል።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

የኖአጋ ጀርባ ፈጽሞ ድኗል። ዛሬ አንዲት ከታፊ በጀርባው አዝሎ ግቢውን ዞሯል።

ይህ ሰው በምኑም ይድናል። ባለፈው ራሱን ሲያመው የሺያ ዛፍ ቅባት ግንባሩን ቀቡት፣ ዳነ። ሆዱን ሲነፋው አንዲት አሮጊት ሁለት ቃል አነበነበችለት፣ ዳነ። ታንቲ «ኖአጋን ንጹሕ ውኃ አጠጥታችሁ ጠጅ ነው ብትሉት ይሰክርላችኋል» ትላለች። እሱም «ታንቲዬ፣ ታዲያ ርካሽ ሰው አይደለሁም?» ይላታል። ምንም አያፍርም። ማንም የሰጠውን ከነሰጪው ይወደዋል፤ የወደደው ሁሉ ደግሞ ይሠራለታል።

ስለ እኔ የምትለውን ግን የሰማሁት ሳይታወቅብኝ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ለከታፊዎቹ እንዲህ አለች፦ «ያ ልጅ ከሕመሙ ጋር ከተጋባ ቆይቷል። አገሩ ያለችው ቲፖኮ ሁለተኛ ሚስት ነው የምትሆነው፣ ምስኪን።» ሴቶቹ ሳቁ። ቢላዎቹ ግን አላቆሙም።

ቀዝቀዝ አድርጌ ባስበው አንድ ነገር ይገባኛል። ቀይ ክኒን ከነጭ ይበረታል፤ ትልቅም ከትንሽ። ሐኪሙ ብርቱውን ለኖአጋ፣ ደካማውን ለእኔ ሰጠ። ኖአጋ ስድብን በስድብ መለሰለት፤ እኔ ዝም ብዬ ሳቅሁ። ለዚህ ነው።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ኖአጋን ወደ ጎን ጠራሁት።

«ክኒን ተርፎሃል?»

«ሞልቷል። ከዳንሁ ወዲያ መቼ ትዝ አለኝ?»

«በእኔው ቀይርልኝ።»

«ያንተ ነጩን? ውይ፣ ነጭ እኮ ደስ ይላል። ጥርስ ይመስላል።» ከኪሱ ጥቅሉን አውጥቶ፣ ሳይቆጥር፣ በእጄ ጣለልኝ። «አንተ ግን ምን ሆነሃል? ፊትህ ኮምጣጣ ማንጎ መስሏል።»

«ትከሻዬ ነዋ!»

«ትከሻህማ ከፊትህ በታች ነው።»

ቢገድሉትም ቁም ነገር አይወጣውም። ቀዩን ወዲያው ዋጥሁት። ሲወርድ ይከብዳል። ነጩ እንዲህ አይከብድም ነበር።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ዛሬ በሰፊው እጽፋለሁ፤ ምክንያትም አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዜን ስለብስ ቀኝ እጄ በራሷ ወጣች። ወጥታም ከእጅጌው ጫፍ ላይ ቆማ አየችኝ እንጂ እኔስ እንዳነሣኋት አላወቅሁም። ትናንት ሙሉ የወንፊት ቁልል ተሸክሜ ከምድጃው አፍ አስገባሁ። ማቅለሽለሹም ጠፍቷል፣ እግሬም ተመልሷል። ከሥራ በኋላ በማንጎዎቹ ሥር አንድ የተሰበረ የምድጃ ብረት አንሥቼ እንደ ዶማ እያወረድሁ መሬቱን ቆፈርሁት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። የራዎጎ ልጆች ከጎኔ እየቀደሙኝ አየኋቸው፤ ደግሞም ወደ ኋላዬ ሲቀሩ አየኋቸው። ቲፖኮ ውኃውን ልትሰጠኝ ጎንበስ አለች።

«ታንቲ፣ ነይ እዪው! ታምፑሬ መቃብር እየቆፈረ ነው!» ብሎ የጮኸው ኖአጋ ነው። ሲመጡ ብረቱን ጣልሁት።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፤ ሕመሜ ሕመም ነበር፣ መድኃኒቱም መድኃኒት ነው። በአሳብ የሚድን ኖአጋ ብቻ ነው። እኔን ያዳነኝ የቀዩ ክኒን ጉልበት ነው። ሊያልቅ ጥቂት ስለቀረው በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ሄጄ አስጨምራለሁ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ባልሄድሁ ኖሮ።

«ቀዩን ጨምርልኝ» አልሁት።

«የቱን ቀይ?»

«ለኖአጋ የሰጠኸውን። ትከሻዬን የፈወሰውን።»

ቶዬ መጀመሪያ አየኝ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ። «ኧረ የሞሲ አምላክ ያውጣህ! እሱ እኮ ቫይታሚን ነው። የዚያ ዘፋኝ ወዳጅህ ጀርባ ምንም አልነበረውም፤ ረኀብና ድካም ነው። ‹ይህ ቫይታሚን ነው፣ ዕረፍ፣ በደንብ ብላ› አልሁት። እሱ ጆሮ አለው እንዴ? የሕመም ማስታገሻው ላንተ የሰጠሁህ ነጩ ነው!»

«ትከሻዬን ግን አሽሎታል።»

«ቫይታሚን ትከሻ አያሽልም፣ ሎሌዬ። አላልሁህም? የእናንተ ነገር ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒት ስንሰጣችሁ ትታመማላችሁ፣ ምግብ ስንሰጣችሁ ትድናላችሁ።»

ከጤና ኬላው በር እስከ ትልቁ የማንጎ ዛፍ ድረስ ምንም አልተሰማኝም። ዛፉን ሳልፍ ትከሻዬ ያመኝ ጀመር። ቤት ስደርስ እጄን ከደረቴ በላይ አላነሣሁም።

ማን ጠየቀው? እኔ የጠየቅሁት ክኒን ነው እንጂ ማብራሪያ ነው?

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ለኖአጋ ቀዩ ቫይታሚን እንደ ነበረ ነገርሁት። ትንሽ ይደንግጥ ብዬ ነው።

«ታዲያስ!» አለ፣ «ቫይታሚን ቀላል ነገር መሰለህ? ፈረስን የሚያቆመው ቫይታሚን አይደል?»

ጀርባው ዛሬም ደኅና ነው። ነጩንም እየዋጠ «ይሄማ እንቅልፌን አሳመረው» ይለኛል። እኔን ግን አንጀቴን አሳረረው።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ወደ ያቴንጋ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር ከሰሜን ሲመጣ ከአጎቴ መልእክት አደረሰኝ። ደመና መታየት ጀምሯል። ራዎጎ ዶማዎቹን አስሏል። «እጮኛው ጠንካራ ሆኖ ይመጣል ወይስ ዛሬም የእናቱ ልጅ ነው?» ብሎ በገበያ ተናግሯል። እናቴም ከስንቅ ጋር ቃል ልካለች፦ «የት አመመህ?»

ከዚያ ቃል ጋር አንገቴም ተጨመረ።

ታንቲ ደግሞ ዛሬ ከወንፊቱ አንሥታ ከአሮጊቶቹ ጋር የማንጎ ፍሬ ለቀማ ላይ አስቀመጠችኝ። በደግነት ነው ያደረገችው፤ ይህም ባሰኝ። «አንተ ልጄ፣ ትከሻህ እስኪለይለት እዚህ ጥላ ሥር ሁን። ካልሆነም ማንጎው ከማለቁ በፊት ወደ እናትህ እሸኝሃለሁ። የሰው ልጅ አካሉን ሰብሬ አልልክም» አለችኝ። ወደ እናቴ! ራዎጎ ማሳ ሳልደርስ፣ ገና ከመኪናው ስወርድ ሁሉም እንዲያየኝ!

አሮጊቶቹ ሲለቅሙ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። እኔም ሳላስበው ስለ ትከሻዬ ማውራት ጀመርሁ። ከመካከላቸው አንዷ «ልክ እንደኔ ነው፣ የኔም እንዲህ ጀምሮኝ ነው የቀረው» አለችኝ። እጇ ለአርባ ዓመት እንዳልተነሣ ነገረችኝ። ምነው አፏን በያዘችልኝ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ካልጻፍሁት አልተኛም።

ቶዬ ዛሬ ማንጎ ሊገዛ መጣ። በአሮጊቶቹ መካከል ተቀምጬ ሲያየኝ ልክ እንደ ፈራሁት እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«እሰይ! ሎሌዬ የሚመጥነውን ሥራ አገኘ። አልኋችሁ እኮ፣ የሞሲ ሰውነት መድኃኒት አይቀበልም፤ ከአህያ ነው የተበደረው!»

ሁሉም ሳቀ። የአርባ ዓመቷም አሮጊት ሳቀች። እኔ ግን ተነሣሁ። ቅርጫቱ ተገለበጠ፣ ፍሬው ግቢውን ሞላው።

«በቃህ! በአንተ ቃል ነው እጄ የቀረው! ክኒኑን ሰጠኸኝ፣ በዚያው አፍህ ደግሞ አይሠራም አልህ! ለኖአጋ ግን አላልህም! ለምን ለእኔ? ለምን ለእኔ ብቻ?»

ቢላዎቹ ቆሙ። እዚህ ቤት በሥራ ሰዓት ቢላ ቆሞ ሰምቼ አላውቅም። ሞሲ በሳን ቀልድ ተቆጣ። አባቴ ቢሰማ በመቃብሩ ውስጥ ይገላበጥ ነበር። ኖአጋ እንኳ መዝፈኑን ትቶ «ታምፑሬ… ሳን እኮ ነው። በሳን ነው የተቆጣኸው?» አለ፣ ልክ በዝናብ ተቆጣህ እንደሚል ሰው።

ቶዬ አልሳቀም። ቀልዱ ሲለየው ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆነ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ቃሌን ይዘህ ነው የምትዞረው?» አለኝ።

«አልያዝሁትም» አልሁት። «ረስቼዋለሁ።»

«አዎ፣ አያለሁ እንዴት እንደ ረሳኸው።» ራሱን ነቀነቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ቀልድ ለሚመልስ ሰው ነው የሚወረወረው፤ እጁ የታመመውን ሰው ያዝ ብዬ ወረወርሁበት።»

ታንቲን የዱቄት ውኃ ለመናት፤ እንግዳ ሲመጣ የምናቀርበውን፣ ማሽላ የተበጠበጠበትን። ከሰጠችው በኋላ በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ በመሬት ላይ ተፋው። «በታምፑሬ ላይ የተናገርሁት ክፉ ቃል እዚህ ይቅር፤ አፈር ይጠጣው» አለ። የቀረውን ለእኔ ሰጠኝ። ጠጣሁ። የሳን ምራቅ እንዳለበት እያወቅሁ ጠጣሁ።

ከዚያ ከኪሱ ጥቅል አወጣ። ነጭ ነው። ትንሽ ነው።

«ይህ ያው የመጀመሪያው ነው። አልዋሽህም፤ አዲስ ነገር የለበትም። መካከለኛ መድኃኒት ነው፣ ከግማሽ በላይ መንገድ አይሄድም። የቀረውን የምትሄደው አንተ ነህ። እጅህን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አንሣው፤ ቢያምህም አጥንትህ እንደማይሰበር እኔ ነግሬሃለሁ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው አሁን እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ጌታህ እናገራለሁ።» ድምፁን ወደ ቀድሞው ጩኸት መለሰው። «አንተ ሎሌ! ያለ ፈቃዴ ማን ታመም አለህ? የሳን ንብረት ነህ! ንብረቴን ሰባብረህ ለሽማግሌ አማት ልታስረክብ ነው? ከዛሬ ጀምሮ በትከሻህ መታመም ከልክዬሃለሁ!»

ደንቡ መልስ ይፈልጋል። ሁሉም ዞረው ጠበቁኝ። «እሺ ጌታዬ… ነገር ግን ቀጥሎ ውሻ ስትበላ ራሱን ከነአንጎሉ ዋጠው፤ አንጎል የሌለው ሐኪም አክሞኝ ነው እንጂ እስካሁን በዳንሁ ነበር» አልሁት።

ከሁሉ በፊት የሳቀችው ታንቲ ናት። ቢላዎቹም ቀጠሉ። ቶዬ የተቆጣ ሰው ይክፈል ብሎ የኮላ ፍሬ አስገዛኝ፤ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ለእኔው መልሶ ሰጠኝ። እያኘክን ተለያየን።

ይህ ሁሉ ሕፃን ማባበያ ነው። አልተባበልሁም።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ነጩን ዋጥሁ። አላቅለሸለሸኝም። ምናልባት ቀድሞም የማንጎው ሽታ ይሆናል።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ታንቲ ወደ ወንፊቱ መለሰችኝ፤ ሰው ስላነሰባት እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለኖአጋ ጉዳዩን ከሥሩ አስረዳሁት። የምራቅ ውኃ ጅማት አያቃናም፣ ስድብም ሥጋ አይጠግንም፤ ትከሻዬ ጥቂት ቢቀለውም የቀለለው ፍሬ ስለቅም ስላረፈ ነው፤ ደግሞም ገና አልዳነም፤ እንዲያውም ከባድ ነገር ማንሣት ፈጽሞ አልችልም አልሁት።

ኖአጋ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «ጨረስህ?» አለ።

«ጨረስሁ።»

«እንግዲያው እሱን አስቀምጠው፤ ማንጎው ይጠቁራል።»

ቀና ስል ሙሉው የወንፊት ቁልል በሁለት እጆቼ ከራሴ በላይ ነበር። ምን ያህል ጊዜ ይዤው እንደ ቆየሁ አላውቅም። አስቀመጥሁት። ካስቀመጥሁት በኋላ ጥቂት ወጋ አደረገኝ፤ ይህን ለእውነት ስል እጽፋለሁ።

«አሁን አመመኝ» አልሁት።

«አይዞህ፣ ሳኑን ልጥራልህ?» ብሎ ሮጠ። ሊታረም የማይችል ሰው ነው።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ሹፌሩ ነገ ወደ ሰሜን ይነሣል፤ አድሮ ይመለሳል። በንጹሕ ወረቀት ከመገልበጤ በፊት ለአጎቴ የምልከውን ደብዳቤ እዚህ ሞክሬዋለሁ።

የተከበሩ አጎቴ ኩልጋ፣ ሰላምታዬ በግቢው ሁሉ ይዙር፤ ለእናቴ፣ ለሶምዳ፣ ለራስማታና ለልጆቿ፣ ለአክስቴ ለያሜጎና ለጉልበቷ፣ ይህንንም ለሚያነብላችሁ ሰው ይድረስ። ለሽማግሌው ራዎጎ እጮኛው በሁለት እጆቹ እንደሚመጣ ይነገርልኝ። ለቲፖኮ ምንም እንዳትሉ፤ ሰላም ብሏል ብቻ በሉ።

አጎቴ፣ በትሕትና የምለምንዎ ነገር አለኝ። ከመኪናው ስወርድ እናቴ እንድትስመኝ፣ እንድታለቅስም ፈቃዴ ነው፤ ነገር ግን የት አመመህ ብላ እንዳትጠይቀኝ ያስምሏት። ሌላም ሰው ስለ ትከሻ አንሥቶ እንዳይጠይቀኝ። አሞኝ ነበር ማለቴ አይደለም። መልካም ጥያቄ ስላልሆነ ነው።

ሌላው ጥቃቅን ነገር ነው። በገበያው ዳር ሙቀጫ የሚጠርበው ሽማግሌ ድራቦ፣ ሳን መሆኑን ያውቃሉ። በኩትኳቶው ቀን በራዎጎ ማሳ ጫፍ ቢገኝልኝ አልጠላም። ለደንቡ ያህል ነው፤ የቀልድ ዘመድ የሌለበት ሥራ አያምርምና። ከንጋት ጀምሮ ቢመጣ የተሻለ ይሆናል። ከቲፖኮ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ሆኖም ድምፁ እንዲሰማኝ። እንደ ፈለገ ቢሰድበኝ አልቀየምም፤ ሎሌ ቢለኝ፣ አህያ ቢለኝ፣ በተለይም መድከም የተከለከለ ነው ብሎ ቢጮህብኝ። የኮላውን ፍሬ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ዝናቡ ወርዷል? ቀኑስ መቼ ሆነ? ይህን የያዘው ሹፌር አንድ ሌሊት ብቻ ስለሚያድር ባዶ እጁን እንዳትመልሱት፤ መልሱን በእሱ ላኩልኝ። ለሌላው ጊዜ ካጣችሁ አንዱን ብቻ ጻፉልኝ፦ ድራቦ እመጣለሁ አለ ወይስ አላለም?